«እሱ ነው የጀመረው» ማለት ለምን አይበቃም? ራስን መከላከል በሕግ ዓይን

#1 — ሚዛን

ስለዚህ ጉዳይ በየመድረኩ የሚጻፈው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ከነካህ በለው፣ ሕጉ ካንተ ጋር ነው» ይላል። ሌላው «እጅህን ካነሳህ አለቀልህ፣ ሁለታችሁም ትታሰራላችሁ» ይላል። ሁለቱም ሰው ያሳስታሉ። ሕጉ የሚጠይቀው ማን ጀመረ የሚለውን ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ምት በተሰነዘረባት ቅጽበት አደጋው ነበረ ወይስ አልፎ ነበር ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቡጢ ሕጋዊ፣ ሦስተኛው ወንጀል ሊሆን ይችላል፤ በመካከላቸው ያለው አራት ሰከንድ ብቻ ቢሆንም።

አገሩ ሲለያይ ሕጉም ይለያያል፤ መሠረቱ ግን ብዙ አይራራቅም። ጥቃቱ ሕገ ወጥ መሆን አለበት (ፖሊስ በሕግ አግባብ ሲይዝህ መታገል ራስን መከላከል አይባልም)። ጥቃቱ እየደረሰ ያለ ወይም አሁኑኑ ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት። በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል መሆን አለበት። የተጠቀምክበት ኃይልም ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 እነዚህኑ ይዟል። የእንግሊዝ የ1967ቱ ሕግ «በሁኔታው ምክንያታዊ የሆነ ኃይል» በሚል አሳጥሮ ይገልጸዋል። የጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 32 ደግሞ ማመጣጠኑን ላላ አድርጎ «ጥቃቱን ለመመለስ አስፈላጊ ነበር ወይ?» በሚለው ላይ ይበረታል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን ጊዜው ላይ ነው። እንዲህ አስቡት፦ አጥቂው ቢላ ይዞ መጣ። ክንዱን ያዝከው፣ ጠመዘዝከው፣ ቢላው ወደቀ፣ በእግርህ ገፍተህ ከቆመ መኪና ሥር አስገባኸው። ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶ በእጁ መሬቱን ተደግፎ ሊነሳ ነው። እስከዚህ ድረስ ያደረግከው ሁሉ መከላከል ነው። አሁን በእርግጫ ፊቱን ብትለው ግን ይኼ ቅጣት ነው፤ መቅጣት ደግሞ ያንተ ሥራ አይደለም። በደኅንነት ካሜራ ላይ ይህች እርግጫ ብቻዋን ተቆርጣ ብትታይ ከፊቷ የነበረው ሁሉ ይረሳል። ዐቃቤ ሕግም የሚጀምረው ከእሷ ነው።

#2 — የማታ ፈረቃ

ሚዛን፣ ያልገባኝ «ይመጣጠን» የሚለው ነው። ቡጢን በቡጢ፣ ዱላን በዱላ ማለት ነው? ለእኛ ለሴቶች ይኼ ነገር ብዙ አያስኬድም። ሁለት እጥፍ የሚከብድ ወንድ ባዶ እጁን ቢያንቅ፣ «ባዶ እጁን ነበር» ተብሎ ብርጭቆ ያነሳችው ልትፈረድባት ነው?

#3 — አንቀጽ በአንቀጽ

እህቴ፣ የሚመጣጠነው መሣሪያው ከመሣሪያው ጋር ሳይሆን ኃይሉ ከአደጋው ጋር ነው። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

ማነቅን እንውሰድ። በአንገት ግራና ቀኝ ያሉት ደም ቅዳዎች ሲጨፈለቁ ሰው በ10 ሰከንድ ገደማ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ የሚያንቅ ሰው «ባዶ እጁን» አይባልም፤ ጥቃቱ ሕይወት የሚያጠፋ ነው። እጅ ላይ የገባውን ብርጭቆ፣ ቁልፍ፣ መጥበሻ መጠቀም ከዚያ አደጋ ጋር ይመጣጠናል። በአንጻሩ የሠለጠነ ቦክሰኛ አንድ የሰከረ ሽማግሌ ስለገፈተረው ብቻ በሙሉ ኃይሉ መንጋጋውን ቢመታው፣ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ቢሆኑም ላይመጣጠን ይችላል።

የካናዳ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 34 ይህን በግልጽ ዘርዝሮታል። በ2013 ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ፍርድ ቤቱ የሚያያቸውን 9 ነጥቦች ያስቀምጣል፤ የሁለቱ ሰዎች ቁመና፣ ዕድሜ፣ ጾታና አቅም፣ መሣሪያ ነበረ ወይ፣ በመካከላቸው የቆየ ታሪክና ዛቻ አለ ወይ፣ ተከላካዩ በጠቡ ውስጥ ምን ሚና ነበረው የሚሉት ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ሌሎች አገሮች እንዲህ ባይዘረዝሩም ዳኞች የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

ደግሞም ሕጉ ሚዛን ይዘህ ግራም እንድትለካ አይጠብቅም። በ1971 በለንደን ፕሪቪ ካውንስል የተባለው የይግባኝ ችሎት በፓልመር ጉዳይ የሰጠው ፍርድ የሚታወቀው በዚህ ነው፦ የተጠቃ ሰው በዚያች ቅጽበት የኃይሉን ልክ በትክክል መመዘን አይችልም፤ በቅንነትና በደመ ነፍስ አስፈላጊ የመሰለውን ብቻ ካደረገ ያ ራሱ ትልቅ ማስረጃ ነው። መጠኑን ብታልፉም ሁሉ ነገር አልጠፋም። በእኛ ሕግ አንቀጽ 79 መሠረት ከመጠን ያለፈ መከላከል ቅጣቱን ያቀላል፤ ከመጠን ያለፈው ጥቃቱ ባስከተለው ፍርሃት፣ ድንጋጤ ወይም መረበሽ ከሆነና ይህም ይቅር የሚባል ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጭራሽ ላይቀጣ ይችላል። ጀርመንም በአንቀጽ 33 ተመሳሳይ በር ከፍታለች። ልብ በሉ፣ በሩ ለፍርሃት እንጂ ለንዴት አልተከፈተም። «ደሜ ፈላ» የሚለው ቃል በምርመራ መዝገብ ላይ ከሰፈረ ይህን በር በገዛ እጅ መዝጋት ነው።

#4 — ግቢው ይከበር

ሜዳ ላይ ለሚሆነው እሺ። ቤቴ ውስጥ በሌሊት ለገባ ግን ይኼ ሁሉ ሒሳብ ምን ያደርጋል? ቤቴ ነው። አልጠራሁት። የመጣበትን ያገኛል።

#5 — ሚዛን

ግቢው፣ ስሜቱ ይገባኛል፤ ሕጉም ለቤት የተለየ ቦታ ይሰጣል። ግን የተለየ ቦታ ማለት ያልተገደበ ፈቃድ ማለት አይደለም።

እንግሊዝ በ2013 ሕጓን አሻሽላ የቤት ባለቤት ወደ ቤቱ በገባ ሰው ላይ የሚወስደው እርምጃ «እጅግ የተጋነነ» ካልሆነ በቀር ከመመጣጠን ትንሽ ቢያልፍም ምክንያታዊ ሊባል እንደሚችል አድርጋለች። ያም ቢሆን ዳኞቹ ሁኔታውን ማየታቸው አልቀረም። ከዚያ በፊት በ1999 በኖርፎክ አንድ ገበሬ በሌሊት ቤቱ በገቡ ሌቦች ላይ ተኩሶ አንዱን፣ የ16 ዓመት ልጅ፣ ገደለ። ልጁ የተመታው ከጀርባው ነበር። ገበሬው በነፍስ ግድያ ተፈረደበት፤ በ2001 በይግባኝ ወደ ቀላል ዓይነት ግድያ የተለወጠለትም ራሱን ስለተከላከለ ሳይሆን በአእምሮ ጤናው ምክንያት ነው። ከጀርባ መመታት ምን እንደሚናገር ለማወቅ የሕግ ትምህርት አያስፈልግም።

በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች በኃይል ቤት ሰብሮ የገባ ሰው ሲያጋጥም ነዋሪው ለሕይወቱ ሠግቷል ተብሎ ይገመትለታል። የፍሎሪዳ የ2005ቱ ሕግ የታወቀው ነው። ግምቱ ግን የሚሠራው ሰውየው ሰብሮ በገባበት ወይም እየገባ ባለበት ጊዜ ነው። ቴሌቪዥን ተሸክሞ በአጥር ዘልሎ የሚሮጠውን መንገድ ላይ ተከትለህ ብትመታው ሌላ ጉዳይ ነው። ንብረት ብቻውን የሰው ሕይወት አያስከፍልም፤ ይኼ በአብዛኛው ዓለም አንድ ነው።

ወጥመድ ማስቀመጥማ ጭራሽ አይሞከርም። አዮዋ ውስጥ ባልና ሚስት ሰው በማይኖርበት ቤታቸው ውስጥ በመኝታ ክፍሉ በር ላይ በሩ ሲከፈት የሚተኩስ ጠመንጃ አስረው ነበር። ለስርቆት የገባው ሰው እግሩ ተቆረሰ፣ ከሰሳቸው፣ በ1971 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ30,000 ዶላር ካሳውን አጸናለት። ለሌባው! ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይናደዳል፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። በዚያች ሰዓት ቤቱ ውስጥ የሚጠበቅ ሕይወት አልነበረም። ጠመንጃው ደግሞ ሌባን ከእሳት አደጋ ሠራተኛ ወይም ኳሱን ሊያወጣ ከገባ ሕፃን አይለይም።

ተግባራዊው ነገር ይኸውላችሁ። ቤተሰቡን ሁሉ አንድ ክፍል አስገብታችሁ ቆልፉ፣ ስልክ አንድ ሰው ይያዝ፣ «ፖሊስ ተጠርቷል፣ ወደዚህ አትምጣ!» ብላችሁ በሩን ዘግታችሁ ጩኹ። አብዛኛው ሌባ የሚፈልገው ዕቃ ስለሆነ ሰው መኖሩን ሲያውቅ ይወጣል። ያን ሰምቶ የዚያን ክፍል በር መስበር ከጀመረ ደግሞ ዓላማው ዕቃ እንዳልሆነ ራሱ መሰከረ።

#6 — ዘብ

ከላይ «በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል» የተባለው ላይ ማረሚያ አለኝ። እንደ ተጻፈው ሰው ሁሉ መሸሽ ግዴታው ይመስላል። እንደዚያ አይደለም፣ ወይም ቢያንስ በሁሉም ቦታ አይደለም። ኒው ዮርክ ከቤትህ ውጭ ሙሉ በሙሉ በደኅና ማፈግፈግ እንደምትችል እያወቅህ የሚገድል ኃይል መጠቀም አትችልም ትላለች። ፍሎሪዳ ደግሞ በሕግ በተፈቀደልህ ቦታ እስከቆምክ ድረስ ማፈግፈግ አይጠበቅብህም ትላለች። ጀርመን በመርሕ ደረጃ ሕግ አክባሪው ለሕገ ወጡ ቦታ መልቀቅ የለበትም የሚል የቆየ አቋም አላት። እንግሊዝ መሃል ላይ ናት፤ መሸሽ ግዴታ አይደለም፣ መሸሽ ትችል ነበር ወይ የሚለው ግን ከሚታዩት ነጥቦች አንዱ ነው።

#7 — ሚዛን

ትክክል ነህ ዘብ፣ ጠቅልዬ አልፌው ነበር። ግን የምትኖርበትን ሕግ በቃልህ ካላጠናህ በቀር ሩጫው ይሻላል፤ ስለ ሮጠ የተፈረደበት ሰው የለም።

#8 — መከታ

ሥልጠና ላይ የሚነሱ ጥያቄዎችን ስለማውቃቸው የሰውነቱን በኩል ልጻፍ፤ ሕጉና አቋቋማችሁ ይያያዛሉና።

እጃችሁን ከመጨበጥ ይልቅ መዳፋችሁን ወደ ፊት ዘርጉት፣ በደረት ከፍታ፣ ክርናችሁ በትንሹ ታጥፎ። ከዚያ ሆኖ መከላከልም መግፋትም ይቻላል፤ ራቅ ብሎ ለሚያይ ሰውና ለካሜራ ግን ጠብ የማይፈልግ ሰው አቋም ነው። አንድ እግር ወደ ኋላ። ድምፅ ከሆድ ይውጣ፦ «ተመለስ! አትቅረበኝ!» አጭር፣ ተደጋጋሚ፣ በአካባቢው ሰው በሚሰማው ቋንቋ። ይህ ጩኸት ሁለት ሥራ ይሠራል፤ አጥቂውን ያመነታዋል፣ የሰማው ሁሉ ደግሞ ነገ ምስክር ነው። ስድብ አትጨምሩበት። «ና እስቲ ወንድ ከሆንክ» ያለ ሰው መከላከያውን ራሱ ቀዶ ጣለው፤ ፍርድ ቤት ውስጥ ግብዣ ይባላል።

በየቪዲዮው የሚጠቀሰው «የ21 ጫማ ሕግ» ሕግ አይደለም። በ1983 ዴኒስ ቱለር የተባለ የሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ፣ ስለት የያዘ ሰው 21 ጫማ (6.4 ሜትር ገደማ) በ1.5 ሰከንድ ያህል እንደሚደርስ ለሥልጠና ብሎ ያሳየው ነገር ነው። ርቀት ምን ያህል ቶሎ እንደሚያልቅ ያስተምራል እንጂ «ከዚያ ውስጥ ከገባ መተኮስ ይቻላል» አይልም። ፍርድ ቤት ሄዶ ይህን የሚጠቅስ ሰው ቢኖር ዳኛው ርቀቱን ሳይሆን ሰውየው ምን እያደረገ እንደነበር ነው የሚጠይቁት።

ከሁሉ የምፈራው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው አንዲት ቡጢ። ቡጢው ራሱ ብዙ ጊዜ አይገድልም፤ የሚገድለው የተመታው ሰው ራሱን ስቶ እጁን ሳይዘረጋ በማጅራቱ አስፋልት ላይ ሲወድቅ ነው። ሁለተኛው ጥለው ከያዙት በኋላ ያለው ነው። በሆዱ አስተኝቶ ጀርባው ወይም አንገቱ ላይ መንበርከክ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ በተለይ ከታገለ፣ ከሰከረ ወይም ከወፈረ። «መተንፈስ አቃተኝ» የሚለውን እንደ ማታለያ አትዩት፤ መጮኹን አቁሞ ጸጥ ካለም «ተረጋጋ» ብላችሁ አትለፉት። ጥቃቱን ካስቆማችሁ በኋላ በጎኑ አዙሩት፣ ክብደታችሁን አንሡ።

ይዞ ማቆየት እንኳ ሁልጊዜ መብት አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ተራ ሰው ሌላውን መያዝ የሚችለው ከበድ ላለ ወንጀልና ፖሊስ መጥቶ መያዝ በማይችልበት ሁኔታ ነው። የአሜሪካዋ ግዛት ጆርጂያ በ2020 አንድ ሯጭ ወጣት «ሌባ ነው» ብለው ባሳደዱት ሰዎች ከተገደለ በኋላ ይህን የቆየ ሕግ በ2021 ሽራዋለች።

#9 — የማታ ፈረቃ

መከታ አመሰግናለሁ፣ ይኼን ሌላ ቦታ አላገኘሁትም። የሚረጨው በርበሬስ? ቦርሳ ውስጥ መያዝ ይቻላል?

#10 — ድንበር ተሻጋሪ

ይህ ጥያቄ ብቻውን ስንቱን ችግር ውስጥ ከትቷል። ከአንድ አገር በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ ሌላው አገር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የሚያዝ አለ።

እንግሊዝ ውስጥ ሰው ላይ የሚረጭ በርበሬ በ1968ቱ የጦር መሣሪያ ሕግ የተከለከለ መሣሪያ ነው፤ መያዙ ራሱ ወንጀል ነው፣ ብትረጪውም ባትረጪውም። ካናዳም ለሰው የተሠራውን ትከለክላለች። ድብ ለማባረር የሚሸጠው ሕጋዊ ቢሆንም ለሰው ብሎ መያዝ ግን ያስከስሳል። ጀርመን «ለእንስሳ መከላከያ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ትፈቅዳለች። በአሜሪካ በሁሉም ግዛት ይፈቀዳል፤ የዕድሜና የመጠን ገደቡ ይለያያል። አሁን ያለሽበትን አገር ሳታጣሪ አትግዢ፣ ድንበር ስታልፊ ደግሞ ከቦርሳሽ አውጪው።

እንግሊዝ ያሉት አንድ ነገር ይወቁ። በ1953ቱ ሕግ መሠረት አንድ ዕቃ መሣሪያ የሚሆነው በሦስት መንገድ ነው፦ ለመጉዳት ከተሠራ፣ ለመጉዳት ተብሎ ከተለወጠ፣ ወይም ለመጉዳት ታስቦ ከተያዘ። ሦስተኛው ነው ወጥመዱ። ካቻቪቴ (መዶሻም ሊሆን ይችላል) ቦርሳ ውስጥ ተገኝቶ ፖሊሱ «ይኼ ለምንህ ነው?» ሲል «ራሴን ልከላከልበት» የሚል መልስ ከሰጠህ፣ ተራውን የእጅ መሣሪያ በአፍህ የጦር መሣሪያ አደረግኸው። ድንገት እጅ ላይ የገባውን ዕቃ ለመከላከያ መጠቀምና «ምናልባት» ብሎ አዘጋጅቶ መዞር በሕግ አንድ አይደሉም።

በሚፈቀድበት ቦታ የያዛችሁ ደግሞ ጣሳው ላይ ያለውን ቀን እዩ፤ ጊዜው ሲያልፍ በርበሬው ሳይሆን የሚገፋው ጋዝ ነው የሚደክመው፣ ስትጫኑት እግራችሁ ሥር ይንጠባጠባል። ቦርሳ ሥር የተቀበረ ጣሳ እንደሌለ ቁጠሩት፤ እጅ ውስጥ ወይም ኪስ ውስጥ ይሁን። ንፋስ ከፊት ሲመጣ አትርጩ፤ ሊፍትና መኪና ውስጥ ብትረጩት ለሁለታችሁም ነው። በአብዛኛው አገር የማያስጠይቀው ኃይለኛ ድምፅ የሚያሰማው የቁልፍ መያዣ ደወል ነው። ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን መጀመሪያ እሱን ግዙ እላለሁ።

#11 — አንቀጽ በአንቀጽ

ወደ ስልኩ ልመለስ፤ ከጥቃቱ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ላይ ሰው ብዙ ይሳሳታል።

ቀድሞ የደወለው ሰው ብዙ ጊዜ ተጠቂ ሆኖ ይመዘገባል። ሕግ አይደለም፣ ግን እንዲህ ነው የሚሆነው። መትቶ የሸሸ ሰው ቀድሞ ደውሎ «ተደበደብኩ» ካለ፣ ፖሊስ የሚፈልገው እናንተን ነው። ስለዚህ ከአደጋው እንደራቃችሁ ደውሉ። በሞባይል 112 በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በሙሉና በብዙ ሌሎች አገሮች ይሠራል። እንግሊዝ ውስጥ መናገር የማትችሉ ከሆነ በሞባይል 999 ደውላችሁ ስትጠየቁ 55ን ብትጫኑ ወደ ፖሊስ ያስተላልፏችኋል፤ ብቻውን ግን ያላችሁበትን አያሳይምና የምትችሉትን ያህል በሹክሹክታም ቢሆን ተናገሩ።

ጥሪው ይቀረጻል፤ ፍርድ ቤት ሊደመጥ ይችላል። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ ቦታው (መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ይደርሱላችኋል)፣ ቀጥሎ «ሰው አጠቃኝ፣ ተከላከልኩ»፣ ቀጥሎ አምቡላንስ ለአጥቂውም ጭምር፣ በመጨረሻ የናንተ መልክና ልብስ፣ ፖሊሱ ሲደርስ እንዳያምታታችሁ። «ገደልኩት መሰለኝ»፣ «የእጁን ሰጠሁት» የሚሉ የድንጋጤ ቃላት አያስፈልጉም። ለአጥቂው አምቡላንስ መጥራት ሰብዓዊነት ነው፤ ከዚያም በላይ ዓላማችሁ ማስቆም እንጂ ማጥፋት እንዳልነበር ያሳያል።

ፖሊስ ሲደርስ በእጃችሁ ምንም አይኑር። ዕቃውን መሬት ላይ አድርጋችሁ ራቁ፤ አትጠቡት፣ አትደብቁት፣ ደሙን አትጥረጉት። መዳፍ ወደ ፊት። ካቴና ቢያስገቡባችሁ አትከራከሩ፤ ገና ማን ማን እንደሆነ አያውቁም። ሦስት ነገር ጠቁሙ፦ «ያ ሰውዬ አይቷል»፣ «ካሜራው እዚያ ነው»፣ «ቢላው ከመኪናው ሥር ነው»። እነዚህ ከጠፉ አይገኙም።

#12 — ግቢው ይከበር

ከዚያ ዝም ማለት ነው አይደል? «ጠበቃዬ ካልመጣ አልናገርም» ነው የሚሉት በፊልም።

#13 — ተከራካሪ

ፊልሙ የአሜሪካ ነው። እዚያ ከ1966ቱ ሚራንዳ ፍርድ ወዲህ ተይዘህ ስትመረመር ዝም ማለት በአንተ ላይ ማስረጃ አይሆንም፤ በ2010 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መብቱን ለመጠቀም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል ብሏል። ዝም ብሎ ተቀምጦ ከሦስት ሰዓት በኋላ አንድ ቃል ቢያመልጥህ ያ ቃል ይያዛል። «መናገር አልፈልግም፣ ጠበቃ እፈልጋለሁ» ማለት ነው፣ አንድ ጊዜ፣ በግልጽ።

እንግሊዝ ግን ሌላ ነው። በ1994ቱ ሕግ መሠረት በምርመራ ጊዜ ያልተናገርከውን መከላከያ ፍርድ ቤት ላይ አዲስ አድርገህ ብታመጣው፣ ዳኞች «እውነት ቢሆን ያኔ ለምን አላለም?» ብለው ማሰብ ይፈቀድላቸዋል። ራስን ተከላክዬ ነው ለሚል ሰው ይህ ወሳኝ ነው። ስለዚህ እዚያ ትክክለኛው መልስ ሙሉ ዝምታ አይደለም፤ መጀመሪያ ነፃውን ጠበቃ መጠየቅ፣ ከዚያ ብዙ ጊዜ አጭር የጽሑፍ ቃል መስጠት ነው።

በየትም ብትሆኑ የሚከተለው ይያዝ። በ1966 የጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 9 የተያዘ ሰው ምክንያቱ በተያዘበት ጊዜ እንዲነገረው፣ በአስቸኳይም ዳኛ ፊት እንዲቀርብ ያዛል፤ አንቀጽ 14 በራሱ ላይ እንዲመሰክር መገደድን ይከለክላል። «አስቸኳይ» ስንት ነው ለሚለው የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ በ2014 ባወጣው ማብራሪያ 48 ሰዓት በተለምዶ በቂ ነው ይላል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19ም 48 ሰዓት ነው የሚለው፣ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር።

ቋንቋ ላይ አትሸማቀቁ። «እንግሊዝኛ እችላለሁ» የሚል ኩራት በምርመራ ክፍል ውስጥ ዋጋ ያስከፍላል፤ «ገፋሁት» እና «መታሁት»ን አሳስቶ መተርጎም ክሱን ይለውጠዋል። ዘመድ አያስተርጉም። ቃላችሁ ሲነበብላችሁ የተሳሳተውን አሰርዛችሁ ከጎኑ ፈርሙ፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ፈርሙ፣ ባዶ ቦታ ካለ በመስመር ይዘጋ። ያልገባችሁ ወረቀት ላይ «ያልገባኝ» ብሎ መጻፍ ይቻላል።

በባዕድ አገር ከተያዛችሁ በ1963ቱ የቪየና ስምምነት አንቀጽ 36 መሠረት ኤምባሲያችሁ እንዲነገረው መጠየቅ መብታችሁ ነው። ምርጫው የእናንተ ነው። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ይህን ከጠበቃው ጋር ሳይመክር አይጠይቅ።

#14 — ሚዛን

ተከራካሪ ያላነሳው አንድ ነጥብ፦ ራሴን ተከላከልኩ ማለት «አዎ፣ መታሁት» ማለት ነው። ድርጊቱን አምነህ ሕገ ወጥነቱን ነው የምትክደው። ስለዚህ ጠዋት «እዚያ አልነበርኩም»፣ ከሰዓት «ተከላክዬ ነው» የሚል ሰው ሁለቱንም አጣ። ፈርቶ የዋሸ ሰው ከእውነተኛ መከላከያው ይልቅ ውሸቱ ያስፈርድበታል።

የማስረዳት ሸክሙስ? በእንግሊዝ ጉዳዩ አንዴ በማስረጃ ከተነሳ መከላከል አለመሆኑን ከጥርጣሬ በላይ ማስረዳት የዐቃቤ ሕግ ነው። በአሜሪካም በአብዛኛው እንደዚያው ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሸክሙን በተከሳሽ ላይ ጥላ የቆየችው ኦሃዮ በ2019 ሕጓን ቀይራለች። በፍትሐ ብሔር ግን ነገሩ ይገለበጣል። በ2008 ያኔ የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ሰጪ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት እንደወሰነው በወንጀል ነፃ የወጣ ሰው በካሳ ክስ ሊጠየቅ ይችላል፣ ያኔ ተሳስቶ አደጋ አለ ብሎ ማመኑ ብቻ አይበቃውም፣ እምነቱ ምክንያታዊ እንደነበርም ራሱ ያስረዳል። «ነፃ ወጣሁ» ብላችሁ ወረቀቶቹን አትጣሉ።

#15 — ሐኪም ቤት በኩል

በሕክምና ማስረጃ በኩል ልጨምር።

አንገቱ የታነቀ ሰው ምንም ምልክት ባይታይበትም በዚያው ቀን ይታይ። ቆዳው ንጹሕ ሆኖ ውስጡ ሊጎዳ ይችላል፤ የደም ቅዳው ግድግዳ ተቀድዶ ከቀናት በኋላ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ለሐኪሙ «ተደበደብኩ» ብቻ አትበሉ፤ «በሁለት እጁ አነቀኝ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ» በሉ። ድምፅ መጎርነን፣ መዋጥ ማቃጠል፣ ዓይን ነጭ ላይና ከቆብ ውስጥ ጥቃቅን የደም ነጠብጣብ፣ ሽንት ማምለጥ፤ እነዚህ በካርዱ ላይ ይጻፉ። እንግሊዝና ዌልስ ከሰኔ 2022 ጀምሮ ማነቅን ብቻውን ወንጀል ያደረጉት ይህ ነገር በ«ቀላል ድብደባ» ስም ሲታለፍ ስለኖረ ነው።

ፎቶ በሦስት ርቀት፦ ሙሉ ሰውነት ፊት ጭምር፣ የአካል ክፍሉ፣ ከዚያ ቁስሉ ብቻ ከማስመሪያ ወይም ከሳንቲም ጋር። ፍላሽና ያለ ፍላሽ። በለዝ በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ስለሚችል በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይደገም። በለዙን በቀለሙ አይታችሁ «የሁለት ቀን ነው» ብላችሁ አትከራከሩበት፣ ሐኪምም በእርግጠኝነት አይናገርም። መከላከያ ቁስሎችን አትርሱ፤ ክንዳችሁ ውጪ ላይ ያለ ጭረት፣ መዳፍ ውስጥ ያለ የስለት ቁራጭ ከሺህ ቃል በላይ ያስረዳል።

ልብሱን አትጠቡ። እያንዳንዱን ለብቻ በወረቀት ከረጢት፤ ፌስታል እርጥበት ይዞ ናሙናውን ያበላሻል። ወሲባዊ ጥቃት ከሆነ ሳይታጠቡ መሄድ ይመረጣል፤ ታጥበው ከሆነም ይሂዱ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፣ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ለመታከም ክስ መመሥረት አለመመሥረትን መወሰን አይጠበቅም።

#16 — የማታ ፈረቃ

ገና እጁን ያላነሳ ግን በየቀኑ በስልክ የሚዝት ሰውስ? «ጥቃቱ የተቃረበ» አይደለም፣ እንግዲህ እስኪመታ ነው የሚጠበቀው?

#17 — አንቀጽ በአንቀጽ

አይደለም። መምታት አይፈቀድም ማለት ምንም ማድረግ አይቻልም ማለት አይደለም። ዛቻው ራሱ በብዙ አገር ወንጀል ነው፤ ከዚያ በተጨማሪ እንዳይቀርብሽ የሚያዝ የፍርድ ቤት የጥበቃ ትእዛዝ ያለባቸው አገሮች ብዙ ናቸው። ትእዛዙ አጥር አይሆንም፤ ጥቅሙ ከዚያ በኋላ በር ላይ መምጣቱ ብቻ የሚያሳስረው መሆኑ ነው።

መልእክቶቹን አትሰርዢ፣ አትመልሺለት። ስክሪን ሾት ስታደርጊ የስሙ ቦታ ላይ የተቀመጠው ስልክ ቁጥርና ቀኑ ይታይ፤ «ባለጌው» ብለሽ የመዘገብሽው ስም ፍርድ ቤት አይረዳሽም። ከፊቱና ከኋላው ያሉትም መልእክቶች ይኑሩ፣ ቆርጠሽ ያቀረብሽው ይጠረጠራል። ዋናው ማስረጃ ስልኩ ነውና ብትቀይሪው እንኳ አትሽጪው። ማስታወሻ ደብተር ያዢ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የተባለው ቃል እንደ ወረደ፣ ማን ሰማ። በዚያው ዕለት የተጻፈ ነው ክብደት የሚኖረው።

ለዓመታት በቤቷ ስትደበደብ የኖረች ሴትን በተመለከተ ደግሞ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1990 በላቫሊ ጉዳይ «የተቃረበ አደጋ» የሚለውን ከቡና ቤት ጠብ በተለየ መንገድ መመልከት እንደሚገባ፣ ይህንንም ባለሙያ ቀርቦ ማስረዳት እንደሚችል ወስኗል። ያ ፍርድ የመጣው ግን ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ደብተሩን ዛሬ ጀምሪው።

#18 — ዘብ

አንድ ነገር ብቻ፦ የካሜራ ቅጂ በራሱ ላይ እየቀዳ ይጠፋል፣ አንዳንዱ በቀናት፣ ብዙው በወር ውስጥ። ፖሊስ ይወስደዋል ብላችሁ አትጠብቁ። ሱቁን ወይም ሕንፃውን በዚያው ቀን በጽሑፍ «ከዚህ እስከዚህ ሰዓት ያለው እንዳይጠፋ» ብላችሁ ጠይቁ፣ የተቀበለውን ሰው አስፈርሙ፣ የካሜራው ሰዓት ከእውነተኛው ስንት ደቂቃ እንደሚለይ እዚያው አይታችሁ ጻፉ።